የቤት ለቤት ተንከባካቢዋን ስልክ የሚከታተል ሕግ የኤጀንሲውን ባለቤት ለምን አያውቅም?

ጁን 30 ቀን 2025 የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት በጤና አገልግሎት ማጭበርበር 324 ሰዎች መከሰሳቸውን አስታወቀ። ሊዘረፍ ታስቦ ነበር የተባለው ገንዘብ 14.6 ቢሊዮን ዶላር ነው። ዜናው በየቦታው የዞረው በዚህ ቁጥር ነው። ከዚያ ውስጥ 10.6 ቢሊዮኑ የአንድ ቡድን ሥራ መሆኑን፣ ቡድኑም በየትኛው በር እንደገባ ልብ ያለው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በክሱ እንደተገለጸው፣ ከውጭ አገር ይመራ የነበረው ይህ ቡድን ድርጅት ከመመሥረት ይልቅ መግዛትን መረጠ። ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ቀድሞ የሚያውቃቸውን፣ የክፍያ ቁጥር ያላቸውን በርካታ የሕክምና ዕቃ አቅራቢዎች ገዛ። በባለቤትነት የሚመዘገቡ የይስሙላ ሰዎች አሰለፈ። ከዚያም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የተሰረቀ መረጃ ይዞ፣ የሽንት ካቴተር እንደተሰጣቸው አድርጎ ሒሳብ መላክ ጀመረ። ሜዲኬር ሊከፍለው ከነበረው 4.45 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ለቡድኑ የደረሰው 41 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው ሳይወጣ ተያዘ። የሜዲኬር ማሟያ መድን የሚሸጡ የግል ኩባንያዎች ግን 900 ሚሊዮን ገደማ ከፍለዋል። ይህን ያህል ገንዘብ ያዳነው የእስር ዘመን ርዝመት ሳይሆን ክፍያው ከመውጣቱ በፊት መያዙ ነው።

በቅጣት በኩል የአሜሪካ ሕግ የሚጎድለው ነገር የለም። የሐሰት የክፍያ ጥያቄዎች ሕግ የወጣው በ1863፣ በሊንከን ዘመን፣ ለጦር ሠራዊቱ የማይረባ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎችን ለመያዝ ነበር። ዛሬ ጥፋተኛው የጉዳቱን ሦስት እጥፍ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ የሐሰት ጥያቄ በ2025 ተመን ከ14,308 እስከ 28,619 ዶላር ይቀጣል። «ለእያንዳንዱ» የሚለው ነው አጥንት የሚሰብረው። አንድ ኤጀንሲ የ80 ዶላር ሐሰተኛ ጥያቄ 200 ጊዜ ቢልክ የወሰደው 16,000 ዶላር ነው፤ ዝቅተኛው ቅጣት ብቻ ግን ከ2.8 ሚሊዮን ያልፋል። በዚህ ሕግ «አላወቅሁም» ማለትም ብዙ አያድንም፤ ሆን ብሎ ዓይንን መጨፈንና ግዴለሽነትም እንደ ማወቅ ይቆጠራሉ። የ1996ቱ ሕግ ደግሞ የጤና ማጭበርበርን ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት፣ ከባድ የአካል ጉዳት ካደረሰ እስከ 20 ዓመት፣ ሞት ካስከተለ እስከ ዕድሜ ልክ ነው።

ታዲያ በየጊዜው ቅሌት በወጣ ቁጥር «ቅጣቱ ይጨመር» የሚል ረቂቅ የሚያቀርቡ የምክር ቤት አባላት ማንን ሊያስፈሩ ነው? በይስሙላ ሰው ስም ድርጅት ገዝቶ፣ ገንዘቡን አሽሽቶ የሚጠፋ ሰው ቅጣቱን አይፈራም፤ አይያዝማ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ሥርዓቱ የተሠራውም እንዲሁ ነው። ለሜዲኬር በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ፣ ቅጹ የተሟላ ጥያቄ ከ14ኛው ቀን ጀምሮ ይከፈላል፤ 30 ቀን ካለፈው መንግሥት ወለድ ይታሰብበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኮምፒውተሩ የሚያየው የአገልግሎት ኮድ፣ የበሽተኛ ቁጥር፣ የአቅራቢ ቁጥርና ቀን ነው። አገልግሎቱ ተሰጥቶ አልተሰጠ ኮዱ አይናገርም። ለሐቀኛ ክሊኒክ ፈጣን ክፍያ የህልውና ጉዳይ ስለሆነ የ30 ቀኑ ገደብ ይነሳ አልልም። ግን ትናንት ባለቤት የቀየረና ለ20 ዓመት የሠራ ድርጅት በአንድ ፍጥነት የሚከፈላቸው ለምንድን ነው?

አሁን ወደ ታችኛው የሥራ እርከን እንውረድ፤ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በሲያትል አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን በሆም ኬር የሚሠሩት እዚያ ነው። በ2016 የወጣው ሕግ ሜዲኬይድ (የዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የመንግሥት የጤና መድን) የሚከፍልበት የቤት ለቤት እንክብካቤ ሁሉ በኤሌክትሮኒክ እንዲረጋገጥ አዘዘ፤ ለግል እንክብካቤ ከ2020፣ በቤት ለሚሰጥ ሕክምና ከ2023 ጀምሮ። መመዝገብ ያለባቸው ነገሮች ስድስት ናቸው፦ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ተቀባዩ፣ ሰጪዋ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ እንዲሁም የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት። ሠራተኛዋ ስትገባ ስልኳን ትነካለች፣ ስትወጣም ትነካለች።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ወረቀት ታይምሺት ዓርብ ማታ ለሳምንቱ በሙሉ በአንድ እስክሪብቶ ይፈረም የነበረበትን ዘመን አይቻለሁ የሚል ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ያውቃል። ችግሩ ሥራ ላይ ሲውል ነው። የሕንፃው ምድር ቤት ኔትወርክ የለውም። አዛውንቱን ክሊኒክ ይዛ ሄዳ እዚያው ፈረቃዋ ያልቃል፤ መውጫዋ ከቤቱ አድራሻ ጋር አይገጥምም። አልጋ ስታነጥፍ ስልኳ ባትሪ ይጨርሳል። በእነዚህ ሁሉ መዝገቡ «ጉድለት አለበት» ተብሎ ይቆማል፤ ቢሮው ካላስተካከለው ክፍያው ይያዛል፣ የእሷም ደሞዝ ይዘገያል። ለነገሩ የፌዴራሉ ሕግ የግድ ጂፒኤስ ይሁን አይልም፤ በበሽተኛው የቤት ስልክ ደውሎ መመዝገብ ወይም እቤቱ የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያም ይቻላል። ብዙ ሠራተኞች ግን ይህ አማራጭ እንዳለ የነገራቸው የለም።

ዋናው ቀዳዳ ያለው ደግሞ በዚያው «ማስተካከያ» ላይ ነው። ሠራተኛዋ 4 ሰዓት ሠርታ ወጣች እንበል። ቢሮ የተቀመጠው አስተባባሪ መዝገቡን ከፍቶ «መውጫ ረስታለች» ብሎ 6 ሰዓት ያደርገዋል። ስድስቱም ነገሮች ተሟልተዋል፤ ጥያቄው ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል። ምርመራ ሲመጣ ግን በመዝገቡ ላይ ያለው ስም የእሷ ነው። ስለዚህ የማስተካከያ ሕግ ያስፈልጋል፦ የመጀመሪያው መዝገብ አይጥፋ፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደለወጠው ይጻፍ፤ ለውጡ በዚያው ቀን ሠራተኛዋ ስልክ ላይ ይድረስና «አዎ» ወይም «አይደለም» ትበል። ከ100 ጉብኝት 40ውን በእጅ የሚያስተካክል ኤጀንሲ ሳይመረመር መከፈል የለበትም። ሌላም ቀላል ነገር አለ፤ በሽተኛው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «በቤቱ ታጥቦ ተመገበ» ተብሎ የተላከ ሒሳብ ከሆስፒታሉ ሒሳብ ጋር ቢመሳከር ወዲያው ይታያል። ይህን ከክፍያ በፊት ማድረግ የሚያቅት ኮምፒውተር የለም።

በባለቤት በኩል ያለውን ጥብቅነት ከዚህ ጋር አስተያዩት። የ2010ሩ የጤና ሕግ አቅራቢዎችን በሦስት የአደጋ ደረጃ ከፈለ፦ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ። ከፍተኛው ውስጥ የሚገቡት፣ ለምሳሌ ለሜዲኬር አዲስ የሚመዘገቡ የቤት ውስጥ ሕክምና ኤጀንሲዎች፣ ሳይነገራቸው ቢሯቸው ይጎበኛል፤ 5 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ አሻራ ይሰጣል። ከዚያም ሌላ የ36 ወር ደንብ አለ፤ ኤጀንሲው በተመዘገበ በ36 ወር ውስጥ አብላጫው ድርሻ ከተሸጠ ቁጥሩ ለገዢው አይተላለፍም፣ እንደ አዲስ ተመዝግቦ ይፈተሻል። ከ2024 ጀምሮ ይህ ለሆስፒስም፣ ማለትም ሊሞቱ ለተቃረቡ በሽተኞች እንክብካቤ ለሚሰጥ ድርጅትም፣ ይሠራል። ጥሩ ደንብ ነው፤ ግን 36 ወር የጠበቀ ገዢ ያመልጠዋል። ባለቤትነት በተቀየረ ቁጥር፣ በየትኛውም ዘርፍ፣ ድርጅቱ ስንትም ዓመት ይኑረው፣ አሻራና የቢሮ ጉብኝት መቅደም አለበት።

ለዚህ አዲስ ሥልጣን እንኳ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ያው የ2010ሩ ሕግ አዲስ አቅራቢን ከ30 ቀን እስከ አንድ ዓመት በልዩ ክትትል ሥር ማቆየትን፣ ክፍያው ከመውጣቱ በፊት ሰነድ መመርመርን ይፈቅዳል። በ2023 አሪዞና፣ ካሊፎርኒያ፣ ኔቫዳና ቴክሳስ ውስጥ አዳዲስ ሆስፒሶች ላይ ሥራ ላይ ውሏል። በሽተኛ ሳይኖራቸው ፈቃድ የሚሰበስቡ ሆስፒሶች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ተደርድረው ከተገኙ በኋላ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም።

ስለ እጅ መንሻ አንድ ነገር ልበል፤ በእኛ ሰው ዘንድ «ኮሚሽን» እየተባለ እንደ ተራ ንግድ ስለሚታይ። መንግሥት ለሚከፍልበት አገልግሎት በሽተኛ ላመጣ ሰው በበሽተኛ ቁጥር መክፈልም መቀበልም ወንጀል ነው፤ ለእያንዳንዱ እስከ 10 ዓመት እስርና እስከ 100,000 ዶላር ቅጣት አለው። ሕጉ ለእውነተኛ ቅጥር ሠራተኛ ደሞዝ የተለየ ቦታ ይሰጣል፤ በ1099 (ቅጥር ሠራተኛ ላልሆነ ተከፋይ በሚሰጠው የግብር ቅጽ) እየተከፈለው «በሰው ይሄን ያህል» የሚቀበል ደላላ ግን በዚያ አይጠለልም። በሽተኛው ኤጀንሲውን እንዳይለቅ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ መስጠትም ክልክል ነው። የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር እንደ ቀላል ስጦታ የሚያልፈው ጥሬ ገንዘብ ያልሆነ፣ በአንድ ጊዜ ከ15 ዶላር፣ በዓመት ከ75 ዶላር የማይበልጥ ነገር ነው። ለበዓል አንድ ድፎ ዳቦ ችግር የለውም።

ከሁሉም በላይ ቶሎ የሚሰማው ውስጥ ያለው ሰው ነው። በ2024 በጀት ዓመት ብቻ 979 ክሶች በጠቋሚዎች፣ ማለትም በሐሰት የክፍያ ጥያቄዎች ሕግ መሠረት በመንግሥት ስም በሚከሱ ግለሰቦች፣ ተመሥርተዋል። ጠቋሚው መንግሥት ጉዳዩን ከያዘው ከተመለሰው ገንዘብ ከ15 እስከ 25 በመቶ፣ ካልያዘውና ራሱ ከገፋበት ከ25 እስከ 30 በመቶ ያገኛል። በሴፕቴምበር 2024 አንድ የፍሎሪዳ ፌዴራል ዳኛ ይህ የጠቋሚ ክስ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብለው በመወሰናቸው ጉዳዩ ወደ 11ኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሄዷል። ውሳኔው ቢጸና ከሁሉ በላይ የሚደሰተው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሠራተኛው ግን ይህን መብቱን ከየት ይስማ? በ2006 የጸደቀ ሕግ ከሜዲኬይድ በዓመት ቢያንስ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚያገኝ ድርጅት ስለ ሐሰት ጥያቄ ሕግና ስለ ጠቋሚ ጥበቃ ለሠራተኞቹ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዛል። ከ5 ሚሊዮን በታች የሆነው ትንሹ ኤጀንሲ ግዴታ የለበትም፤ የእኛ ሰዎች በብዛት የሚቀጠሩት ደግሞ እዚያ ነው። ይህ ገደብ ይነሳ። ጽሑፉም ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም፣ ይሁን።

እስከዚያው ያልሠራችውን ሰዓት ፈርሚ የተባለች ሠራተኛ ማወቅ ያለባት ይህ ነው። ባዶ ቅጽ ላይ አይፈረምም። የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት በራሷ ደብተር በየቀኑ ትጻፍ፤ የራሷን የፈረቃ ሰሌዳና የደሞዝ ወረቀት ቅጂ ትያዝ። የበሽተኞችን ፋይል በጅምላ ወደ ቤት መውሰድ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ምን መያዝ እንዳለበት ጠበቃ ይንገራት። ክሱ በማኅተም ተሸፍኖ ቢያንስ ለ60 ቀን በምስጢር ስለሚቆይ በፌስቡክም በማኅበርም አይወራም። ቀድሞ የከሰሰ ነው ድርሻ የሚያገኘው፤ በማጭበርበሩ ተካፍሎ በወንጀል የተፈረደበት ግን ምንም አያገኝም። በመጠቆሟ ከሥራ ከተባረረች ወደ ሥራዋ የመመለስና ያልተከፈላትን ደሞዝ እጥፍ የመጠየቅ መብት አላት፤ ይህን ክስ ለማቅረብ ያላት ጊዜ 3 ዓመት ነው። ክስ ሳይመሠርቱ ለመጠቆም ብቻ ለሚፈልጉ የዋና ኢንስፔክተሩ ስልክ 1-800-447-8477 ነው፤ ስም አለመናገርም ይቻላል።