እርማት፦ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ለ«ከባድ» ዲግሪ ማርክ አይጨምሩም

«በእንግሊዝ ፊዚክስ ወይም ምሕንድስና የሚማር ሰው ትምህርቱ ስለሚከብድ ከታሪክ ተማሪ ጋር እንዲስተካከል ማርኩ ከፍ ይደረግለታል» የሚለው አስተያየት ደጋግሞ ቢነገርም ትክክል አይደለም። ከፍተኛው የዲግሪ ማዕረግ በፊዚክስም በታሪክም በአብዛኛው የሚጀምረው ከ70 ነው፤ የዲግሪዎችን ክብደት አመዛዝኖ ማርክ የሚጨምር አገር አቀፍ ቀመር የለም።

ማርክ የሚስተካከለው በአንድ ኮርስ ደረጃ ነው። ፈተናው ከታሰበው በላይ ከብዶ ወይም ቀሎ ሲገኝ፣ አለዚያም ከጥያቄዎቹ አንዱ ስሕተት ሲኖርበት፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመደበው የውጭ ፈታኝ የሚሳተፍበት የፈተና ቦርድ የክፍሉን አማካይ ውጤት ካለፉት ዓመታት ጋር አነጻጽሮ ይወስናል። ለምሳሌ 40 ያገኘው ወደ 50፣ 70 ያገኘው ወደ 75 ከፍ ሲል፣ 100 ያገኘው ባለበት ሊቀር ይችላል፤ እንዲህ ሲደረግ የተማሪዎቹ ቅደም ተከተል አይለወጥም። ማርክ ዝቅ የሚደረግበትም ጊዜ አለ፣ ይህን ግን የሚያወራ ብዙም የለም።

ውዥንብሩ ምናልባት የመጣው ከአውስትራሊያ ይመስለኛል፤ እዚያ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሁለተኛ ደረጃ ውጤቶች በየትምህርቱ ይስተካከላሉ። ሆኖም እዚያም መነሻው የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን፣ ትምህርቱን የወሰዱት ተማሪዎች በሌሎች ትምህርቶች ያሳዩት ብቃት ነው።