«ብቻ» የምትለዋ ቃል

ወንጌላውያንና ካቶሊኮች አብረው ስለፈረሙት ሰነድ የሚተች አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው «እ.ኤ.አ. በ1994 ከካቶሊኮች ጋር የፈረሙት የአሜሪካ ወንጌላውያን የሉተርን ተሐድሶ ሸጡት» ይላሉ። ይቅርታ፣ አልተዋጠልኝም። ወንጌላዊው ቻርልስ ኮልሰንና ካቶሊኩ ቄስ ሪቻርድ ኒውሃውስ የመሩት ሰነድ እኮ ልዩነቱን አልደበቀም። የማርያምን ነገር፣ ምሥጢራትን፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ሥልጣን እየጠቀሰ እዚህ ላይ አልተግባባንም ይላል። ሻጭ እንዲህ አይጽፍም።

አሜሪካዊው የፕሮቴስታንት የሥነ መለኮት ሊቅ አር. ሲ. ስፕራውል በሰነዱ የተቆጡት ግን በከንቱ አልነበረም። ሰነዱ ስለ ክርስቶስ በጸጋ፣ በእምነት እንጸድቃለን ይላል። «ብቻ» የለችም። ሁለት ፊደል ናት፤ ሉተር ግን «በእምነት ብቻ» ብሎ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተጣላው በእሷ ነበር። ጽሑፉ ይህንን ትቶ ስድብ ላይ መውደቁ ነው ያናደደኝ።

ደግሞስ መካነ ኢየሱስ አባል የሆነችበት የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ጀርመን፣ አውግስቡርግ ላይ ከቫቲካን ጋር ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈርሞ የለ? እነሱም ሸጡ ልንል ነው?

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አክስቴ ካቶሊክ ናት። ልጇን ስትድር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰዉ ለቁርባን ሲሰለፍ እኔ አግዳሚው ላይ ቦርሳ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። አራት ቦርሳ፣ አንድ ጃንጥላ። ቅር አላለኝም፣ ግን ትንሽ ከበደኝ። አክስቴ ስትመለስ ጉልበቴን መታ አድርጋ «በርታ፣ ምሳ ደርሷል» አለችኝ።