መዝገብ ቤቱ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ

እንጀራዬ የቢሮ ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ ዱሮ አዲስ አበባ፣ አሁን ቨርጂኒያ። ሌላው ዲያስፖራ አገር ቤት ሲገባ አዲሱን ፎቅና መንገድ ያያል፤ የእኔ ዓይን በየገባሁበት ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ወዳለው ሲፒዩ ነው የሚሄደው። ዘንድሮ የሰነበትኩት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የዱሮ ባልደረባዬ ቤት ነው። እሱ አልተሰደደም። ከዊንዶውስ 98 ዘመን ጀምሮ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ሲጠግን ኖሮ አሁን 60 ዓመት ሊሞላው፣ ጡረታ ሊወጣ ነው። የእሱን ሥራና የእኔን ሥራ ጎን ለጎን ሳያቸው እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ስላለ ነው ይህን የምጽፈው።

ቱሉ ዲምቱ የከተማው ጫፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዳማ ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚያ ነው። ጓደኛዬ የሚሄደው ግን በተቃራኒው ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ለሀይገር ይሰለፋል፣ ቃሊቲ ይወርዳል፤ ከዚያ ባቡሩ ከመጣ በባቡር፣ ካልመጣ በታክሲ። እኔ አብዛኛውን ሥራዬን የምሠራው ከቤቴ ሳልወጣ ነው። ስለ ትራንስፖርት ብዙ ስለተባለ በዚህ ልለፈው።

አንድ ቀን ቢሮው ድረስ አብሬው ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጥሪው ይጀምራል። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ።» «ጋሼ፣ ፍላሼ ውስጥ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ።» «ጋሼ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት በላ።» የአንዲት ሒሳብ ሠራተኛ ማሽን ሲበራ ቢፕ ቢፕ ይላል እንጂ ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። ጓደኛዬ ድምፁን ገና ከኮሪደሩ ሰምቶ «ራም ነው» አለ። ክዳኑን ከፈተ፣ ራሙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማስታወሻ ካርድ፣ ነቀለ፣ ከደረት ኪሱ የተማሪ ላጲስ አውጥቶ ወርቃማውን ጥርስ ቀስ እያለ ፈተገው። ፍርፋሪውን በብሩሽ ጠረገ፤ በአፉ እፍ አይልም፣ የትንፋሽ እርጥበት መልሶ ያበላሸዋል ባይ ነው። ቀጭ አድርጎ ሲመልሰው ማሽኑ ተነሣ። ልጅቷ ሻይ ልታዝለት ስትል «የወሩን ሒሳብ ዝጊ፣ ሻዩ ይደርሳል» ብሏት ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈ።

እኔ ጋ ቢሆን ኖሮ ለዚያ ማሽን ቲኬት (የጥገና ጥያቄ መዝገብ) ይከፈታል፣ ከርቀት ገብቼ አየዋለሁ፣ ካልተነሣ ሌላ ላፕቶፕ በፖስታ ይላካል። የሠራተኛዋን ፊት አላየውም። ማዘርቦርድ በእጄ የነካሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ላፕቶፖቹ በሦስት በአራት ዓመት ይቀየራሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ የሌለውን፣ ወይም የኢንቴል ፕሮሰሰሩ ከስምንተኛው ትውልድ በታች የሆነውን ማሽን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይቀበልም። በዚህ የተነሣ ምንም ያልጎደላቸው ኮምፒውተሮች በላስቲክ ተጠቅልለው መኪና ላይ ሲጫኑ ቆሜ አይቻለሁ። ጓደኛዬ ከእነዚያ በእጅጉ በሚያንሱ ማሽኖች ስንት ቢሮ እንደሚያሠራ ስለማውቅ አንጀቴ አረረ።

ከዚያ ዕቃ ጥቂቱ በእርዳታ መልክ ወደ አገራችን ይገባል። እሱም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። የቆዩ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ጀርባ ላይ 115 ወይም 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለ። ጓደኛዬ እንዳጫወተኝ፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ከመጡት ውስጥ የመጀመሪያው ኮምፒውተር 115 ላይ እንዳለ ተሰክቶ ፈነዳ። ወሬውን ሲሰማ ቅዳሜውን እዚያ አሳልፎ የቀሩትን አንድ በአንድ በጠፍጣፋ መፍቻ አዞረላቸው። አበል የለው፣ ደብዳቤ የለው።

እንቅልፍ ወደነሳኝ ነገር ልምጣ።

በዚያው ዕለት አንድ ባለጉዳይ በ1990ዎቹ የተጻፈለትን የቤት ደብዳቤ ቅጂ ፈልጎ መጣ። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ቢፈለግ የለም። ፋይሉ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ተገኘ፤ ሲከፈት ግን የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት የተደባለቀበት ነው። ምክንያቱን የሙያው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የዓለም ፊደላት የኮድ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዊንዶውስ ጋር ኒያላ የሚባለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ ፋይል) አብሮ የመጣልን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ከቪስታ ጋር። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛን ፊደል የሚያሳዩት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ እያስቀመጡ ነበር። ፎንቱ ማሽኑ ላይ ከሌለ ሥር ያለው ላቲን ብቻ ይቀራል። በየመሥሪያ ቤቱ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የተጻፈው የስንት ዓመት ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የሠራተኛ ማኅደር ሁሉ እንዲህ ነው።

ጓደኛዬ ከቤቱ ቁልፍ ጋር የታሰረ ፍላሽ አወጣ። የድሮውን ፕሮግራም ጫነ፣ ፋይሉን ዘግቶ ከፈተው። ቁጥር፣ ቀን፣ የሰውየው ስም እስከ አያቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል በትከሻው ይዞ አነሣው።

ባለጉዳዩ ሲወጣ «የዚህ ፕሮግራም ቅጂ ሌላ የት አለ?» አልኩት።

«እቤት በሲዲ ነበረኝ፤ ሲዲው ተጭሮ አላነብ አለ።»

«የትኛው ዓመት በየትኛው ፎንት እንደተጻፈስ ካንተ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ማን ጠይቆኝ» አለ።

እኔ ነገ ከሥራዬ ብቀር ማንም አይደነግጥም። የነካሁት ሁሉ ተጽፏል። ፋይሉ ደግሞ ቢያንስ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንጻው ውጭ እንዲቀመጥ በሙያችን የታወቀ ደንብ አለ፤ መሥሪያ ቤቴም ያከብረዋል። በእጅ ሥራማ ጓደኛዬ ጋ አልደርስም። ነገር ግን እኔን የሚተካ ሰው የማስታወሻዬን ገጽ ከፍቶ ይቀጥላል፤ እሱን የሚተካ ሰው ከባዶ ይጀምራል፤ ያ ባለጉዳይም ያኔ ደብዳቤውን አያገኝም። ይህ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ መስሎ አይታየኝም፤ መሥሪያ ቤቱ ለአዲስ ኮምፒውተር ጨረታ ያወጣል። ጓደኛዬ ለመጠባበቂያ የሚሆን ሃርድ ዲስክ በዕቃ መጠየቂያው ቅጽ፣ በሞዴል 20፣ ሲጠይቅ ግን «በጀት የለም» ተባለ። ሥራውን የሚያስረክበው ወጣት እንዲመደብለት የጻፈው ደብዳቤም እስካሁን አልተመራም።

ውጭ ያለን ሰዎች «ላፕቶፕ ላምጣላችሁ?» ማለት እንወዳለን፤ ማምጣቱም ደግ ነው። እኔ በዚህ እረፍት የያዝኩት ሌላ ሥራ ነው። ማታ ማታ ቱሉ ዲምቱ ሳሎኑ ውስጥ እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የትኛው ክፍል በየትኛው ፕሮግራም ይጽፍ እንደነበር፣ ፎንቱ እንዴት እንደሚጫን፣ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው የዩፒኤሱ ባትሪ መቼ እንደተቀየረ፣ የትኛው ማሽን ከመብራት መቆራረጥ በኋላ በምን ቅደም ተከተል እንደሚነሣ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ እንቀጥላለን። የድሮውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ግን አንድ ፊደል ሲስቱ የሰው ስም ይለወጣል፣ ስለዚህ የተቀየረውን ከዋናው ጋር በዓይን የሚያመሳክር ሰው ያስፈልጋል። እሱን ሥራ እኛ ሁለታችን ሳሎን ውስጥ አንጨርሰውም። ፋይሉም የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ መሠራት ያለበት እዚያው ነው።

ስለዚህ የምለምነው የየመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች ነው። እንዲህ ያለ አንጋፋ ሠራተኛ ካላችሁ፣ ጡረታ ሳይወጣ አንድ ወጣት አጠገቡ አስቀምጡ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ ግዙለት፣ ከ1990ዎቹ ፋይል ጀምሩ። የጓደኛዬ ደብዳቤ ያለበት ኃላፊም ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።