መዝሙሩን እንኳ ተዉልን

እሁድ ከሰዓት የአሜሪካ ፉትቦል የማየው ልረፍ ብዬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ፖለቲካ ስሰማ እከርማለሁ። ጨዋታው እስኪጀመር ለብሔራዊ መዝሙሩ ሁለት ደቂቃ አብረን ብንቆም ምን ይጎድልብናል?

በፈረንጆቹ 2016 ተጫዋቹ ኮሊን ካፐርኒክ መዝሙሩ ሲዘመር መጀመሪያ ተቀመጠ፣ ቀጥሎ ተንበረከከ። በጥቁሮች ላይ የሚደርሰው በደል አንገብግቦት እንደሆነ ተናግሯል። በደሉን አልክድም። ግን ለምን በባንዲራው ፊት? ባንዲራው እኮ የፖሊስ አይደለም። የወታደር ሬሳ ሣጥን የሚለብሰው ነው! ፓት ቲልማን የሚባለው ተጫዋች የቡድኑን የአሪዞና ካርዲናልስን ደሞዝ ትቶ በ2002 ወታደር ሆነ። በ2004 አፍጋኒስታን ውስጥ ወደቀ። በወገን ጥይት መሞቱን ቤተሰቡ የሰማው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ትራምፕ በ2017 ተጫዋቾቹ ይባረሩ ሲል የልቤን ተናገረልኝ፤ ስድቡን ግን አልወደድኩለትም። ከዚያ በኋላማ ቁሞ መዘመር ራሱ የፓርቲ ምልክት ሆነ። የፉትቦል ሊጉስ (NFL)? በፈረንጆቹ ግንቦት 2018 «ሜዳ የወጣ ይቁም፣ ያልፈለገ መልበሻ ክፍል ይቆይ» ብሎ ደነገገ። ሁለት ወር ሳይሞላ ደንቡን አንጠለጠለው። እንዲህ ያለ ወላዋይነት ያንገሸግሸኛል።

እኔ ለዚህች አገር እጄን አንስቼ ምያለሁ። መዝሙሩ ሲጀምር ሳሎኔ ውስጥም ቢሆን እቆማለሁ። ባለፈው ልጄ ቀና ብላ አየችኝና «አባዬ፣ አንተ የየትኛው ፓርቲ ነህ?» አለችኝ። መቆሜን አይታ እኮ ነው! አንጀቴ አረረ።