የብረት ጥፍርና የአጎት ምክር

በዋሽንግተንና በአካባቢው በሚኖረው ሐበሻ ዘንድ፣ አንድ ሰው አንድ ነገር አንድ ጊዜ ከቀናው በዚያው ነገር ላይ ሳይጠየቅ አማካሪ ይሆናል። ዲቪ የደረሰው ሰው ለቀጣዩ ዓመት አመልካቾች የፎርም አሞላል ምስጢር ይገልጻል፤ ቤት በረከሰበት ዘመን የገዛው ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ወለድ ምጣኔ ትንታኔ ይሰጣል። ነገሩ ዕጣ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው በመካከል ቢገኝ እንኳ ቡናውን ጠጥቶ ዝም ይላል፤ ምክንያቱም የተሳካለትን ሰው "ቀንቶህ እኮ ነው" ማለት በእኛ ዘንድ ከስድብ ይቆጠራል። ይህ ጠባያችን ከየትኛውም ቦታ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታየው በልደት አዳራሾች ጥግ ከቆመው የመስታወት ሳጥን ፊት ነው፤ በሳጥኑ ውስጥ አሻንጉሊት ተከምሯል፣ ከላዩ ባለ ሦስት ጣት የብረት ጥፍር ተንጠልጥሏል፣ ከውጭ ደግሞ አንድ መንጃ ዘንግና አንድ ቀይ ቁልፍ አለ፤ ከፍሎ የተጫወተ ሰው ጥፍሩ አንስቶ መውጫው ቀዳዳ ውስጥ የጣለለትን አሻንጉሊት ይወስዳል።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የልጆች ልደት ፒዛና ጨዋታ በአንድነት በሚሸጡ አዳራሾች መከበር ከጀመረ ወዲህ፣ ጎልማሶቹ ቀድሞ ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ ስለ አገር ጉዳይ ይከራከሩበት የነበረው ሰዓት ለዚህ ማሽን ተላልፏል። ልጁ የመጫወቻ ካርዱን አስነክቶ ዘንጉን ሲይዝ፣ ሁለት ሦስት አጎቶች፣ አንዲት አክስትና የማን ዘመድ እንደሆነ በውል ያልታወቀ አንድ ሰውዬ ከኋላው ይሰለፋሉ። "ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ!" ይላል አንዱ። "ኧረ አለፈው፣ መልሰው!" ይላል ሌላው። "አትቸኩል የኔ ልጅ" የሚል የተረጋጋ ድምፅ ከኋላ ሲመጣ፣ "ምን አትቸኩል ትለዋለህ፣ ሰዓቱ እያለቀ!" የሚል መልስ ከጎን ይሰማል። ልጁ በዚህ ሁሉ ሸንጎ መካከል ቁልፉን ይጫናል፤ ጥፍሩ ይወርዳል፣ የድቡን ወገብ ይጨብጣል፣ ከክምሩ ያነሳዋል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስም ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ፍርድ በየልደቱ ያው ነው፦ "እኔ ነግሬህ ነበር።"

ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የልጁ አይደለም። የጥፍሩ ጉልበት የሚመጣው ከውስጡ ካለው የኤሌክትሪክ መጠምጠሚያ ሲሆን፣ የሚላክለት ኃይል ሲጨምር ጣቶቹ አጥብቀው ይይዛሉ፣ ሲቀንስም ይላላሉ። ዘመናዊ ማሽኖች ይህን ኃይል ባለቤቱ ራሱ በቁጥር እንዲወስነው ይፈቅዱለታል፤ በብዙዎቹ ላይም ዕቃው ሲያዝ የሚኖረውን ጉልበትና ከተነሳ በኋላ የሚኖረውን ጉልበት ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል። ስለዚህ ያ ጥፍር ታች በርትቶ ላይ ሲደርስ የሚደክመው አርጅቶ ሳይሆን ታዝዞ ነው። ነገሩ በዚህም አያበቃም፤ ባለቤቱ ስንት ጨዋታ ሲጫወቱ አንድ ሽልማት እንዲወጣ እንደሚፈልግ ማሽኑን መንገር ይችላል። ለምሳሌ አንዱ ጨዋታ 1 ዶላር ቢሆን፣ ድቡ ባለቤቱን 5 ዶላር ቢያስወጣውና ከገቢው ግማሹን ማትረፍ ቢፈልግ፣ በአማካይ በየ10 ጨዋታው አንድ ድብ ቢወጣ ይበቃዋል። ማሽኑም ይህን ሒሳብ ያለ ድካም ይይዝለትና ዙሩ እስኪሞላ ድረስ ጥፍሩን ያላላዋል።

ዕቁብ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሁሉም ይጥላል፣ አንዱ ይወስዳል። ልዩነቱ የዚህኛው ዕቁብ አባላት አለመተዋወቃቸው ነው። ጠዋት የጣለው ልጅ ከሰዓት በኋላ ማን መጥቶ እንደወሰደለት አያውቅም፤ ዳኛው በየዙሩ ግማሹን ለራሱ ያስቀራል፤ ዋስ የለም፣ መዝገብ የያዘ ጸሐፊ የለም፣ "ተራዬ ደርሷል" ብሎ መከራከርም አይቻልም።

አጎት ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ሲጥሉ ሲጥሉ ቆይተው ዙሩ ሊሞላ ሲቃረብ፣ ከፒዛው ተነስቶ እጁን በናፕኪን እየጠረገ፣ "እስቲ ዘወር በሉ፣ እንዴት እንደሚደረግ ላሳያችሁ" ይላል። ጥፍሩ በሙሉ ጉልበቱ የሚይዝበት ተራ ሆነና ድቡ ይወጣል። ጭብጨባው ይቀልጣል፤ አክስት እልል ትላለች፤ ፎቶ ይነሳል፤ ፎቶው ኬኩ ሳይቆረስ ለአያት ይላካል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አጎት ዘዴ ያለው ሰው ነው። "ዋናው ነገር የእጅ አንጓ ነው፣ አንጓህን አታግትር" እያለ ያስተምራል። በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ዘንጉ የሚያደርገው በየአቅጣጫው ያለችን ትንሽ ማብሪያ መጫን ብቻ ስለሆነ፣ አንጓው ቢለሰልስ ወይም ቢገትር ማሽኑ የሚያውቀው ነገር የለም። ትምህርቱን በተግባር ሊደግም ሲሞክር ግን ባዶውን ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ የጮኹበት ልጆች ነው። እንደገና ሲሞክርና ሲከሽፍበት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ማሽኑ አውቆኛል" ይላል። አጎት በዚያን ዕለት ከተናገረው ሁሉ ለእውነት የቀረበው ይህ ነው፤ ማሽኑ ያለበትን ከፍሎ ወደ ቀድሞ ስስቱ ተመልሷልና።

ይሁን እንጂ ብርቱው ተራ ቢመጣ እንኳ ጥፍሩ ባዶ ቦታ ላይ ከወረደ የሚጠቀመው ባለቤቱ ብቻ ነው። ጉልበቱን ባንወስንም ማሽኑን፣ አሻንጉሊቱንና የምንወርድበትን ነጥብ የምንመርጠው እኛ ነን፤ እውነተኛው ብልሃት ያለውም በእነዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ብልሃት ከመክፈል በፊት ቆሞ ማየት ሲሆን፣ ይህ ምንም ወጪ ስለሌለው ይመስላል በእኛ ዘንድ ክብር አጥቷል፤ ከማሽን ፊት እጁን አጣምሮ የሰው ጨዋታ የሚመለከተውን ወላጅ "ቋጣሪ" ነው የምንለው። ሆኖም ያ ቋጣሪ ብዙ ነገር ይማራል። ጥፍሩ ዕቃውን ከመሬት እንኳ ማንሳት ካቃተው ወይም ጫፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ከተከፈተ፣ ሌላ ማሽን መፈለግ ይሻላል፤ ዕቃውን እስከ ቀዳዳው አፋፍ አድርሶ የሚጥል ከሆነ ግን ተስፋ አለው። ብዙ ሰው ተሸንፎ ከሄደ በኋላ መግባትም አንዳንዴ ያዋጣል፤ አሸናፊውን ተራ ያለ ሥርዓት የሚያወጡ ማሽኖችም ስላሉ ግን በዚህ ተማምኖ የቤት ኪራይ ገንዘብ መንካት አይገባም።

ቀጥሎ ክምሩን ማየት ያስፈልጋል። አሻንጉሊቶቹ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተጠቅጥቀው ፊታቸውን ወደ መስታወቱ በሥርዓት ካዞሩ፣ የደረደራቸው ሠራተኛ ከአካባቢው ብዙም አልራቀም ማለት ነው፤ አንዱን ለማውጣት ጎረቤቶቹን ሁሉ ማንቀሳቀስ ይጠይቃል። የሚፈለገው ቀደም ብለው የተጫወቱ ሰዎች ያተራመሱት ክምር ነው፤ ከእሱም ውስጥ ከላይ ለብቻው የተጋደመ፣ እጅና እግሩ በሌላ ያልተያዘ፣ ለቀዳዳው የቀረበ አሻንጉሊት ይመረጣል። ልጁ የሚፈልገው ግን ምንጊዜም ከታች ተቀብሮ አንድ ጆሮው ብቻ የሚታየውን ነው። ይህን ጉዳይ ከጨዋታው በፊት በድርድር መጨረስ ያስፈልጋል፤ ሰዓቱ መቁጠር ከጀመረ በኋላ የሚደረግ ድርድር ለማንም አይበጅም። የተመረጠው አሻንጉሊት ጭንቅላቱ ትልቅ ከሆነ ክብደቱ ወደዚያ ስለሚያደላ፣ ጥፍሩን ሆዱ ላይ ሳይሆን ወደ አንገቱ አስጠግቶ ማውረድ፣ ጣቶቹም የሚሰምጡበት ክፍት ቦታ መኖሩን ማረጋገጥ ይጠቅማል። ኳስና ልሙጥ የካርቶን ሳጥን ለሦስት የላሉ ጣቶች አስቸጋሪ ናቸው።

ስለ አማካሪዎቹም አንድ ቃል ልበል፤ ሁሉም ይባረሩ ማለቴ አይደለም። ተጫዋቹ ከፊት ሲቆም ግራና ቀኙን በደንብ ይለያል፤ ጥፍሩ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ግን በትክክል አያይም። ስለዚህ ከማሽኑ ጎን ቆሞ "ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ" የሚል አንድ ሰው በእርግጥ ይረዳል። አንድ ብቻ። ከፊት የሚታየው ግራ ከጎን ሲታይ ፊት ስለሚሆን፣ ከየአቅጣጫው የሚጮኹ ሰዎች ሁሉም ትክክል ሆነው ልጁን ሊያሳስቱት ይችላሉ፤ ለእነሱ ኬኩን መቁረስ ወይም መኪና ማሞቅን የመሰለ ሥራ ቢፈለግላቸው መልካም ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ጎልማሶቹ ከድቡ ተነስተው የጆሮ ማዳመጫና ታብሌት ወዳለበት ማሽን ሲሻገሩ ነው። የአንገት ልብስ የመሰለ የዶላር ኖት የተጠመጠመባቸው ድቦችም ከዚሁ ይመደባሉ። ከላይ ያየነው ሒሳብ እዚህም ይሠራል፤ ዕቃው በተወደደ ቁጥር ከአንዱ አሸናፊ እስከ ቀጣዩ ድረስ መሞላት ያለበት ገንዘብ ይበዛል፣ አጎትም ዙሩን ከሚዘጉት ይልቅ ከሚሞሉት መካከል የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። በአንጻሩ ልጁ እስኪያሸንፍ ድረስ በአንድ ክፍያ የሚያጫውቱ ትናንሽ የከረሜላ ማሽኖች አሉ። አንድም አጎት ወደ እነሱ ሲሄድ አይታይም፤ ያለ ፉክክር የተገኘ ከረሜላ ለአያት ፎቶ አይሆንምና።

ነገሩ ችሎታ ነው ወይስ ዕድል የሚለው ክርክር ከአጎት በፊትም ነበር። የዚህ ማሽን ቅድመ አያቶች በአሜሪካ ካርኒቫሎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሳንቲም ሲያስቆፍሩ ኖረው፣ በ1951 የቁማር መሣሪያን ከስቴት ወደ ስቴት ማጓጓዝን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ሲወጣ እነሱም ተነክተዋል፤ ዛሬም በብዙ ስቴቶች ለሽልማቱ ዋጋ ጣሪያ ተበጅቶለታል። በጃፓን ሴጋ የተባለው ኩባንያ በ1985 ዩፎ ካቸር የተሰኘውን ማሽን ካወጣ ወዲህ ጨዋታው የአዋቂዎች ጭምር ሆኗል። እዚያ አንድ የሚያስቀና ልማድ አለ፤ ደጋግሞ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው የአዳራሹን ሠራተኛ ጠርቶ ዕቃው አመቺ ቦታ እንዲደረግለት ይጠይቃል፣ ሠራተኛውም በሩን ከፍቶ ያስተካክልለታል፤ ብዙ ጊዜም የት ላይ ማነጣጠር እንደሚሻል ይነግረዋል። ማንም አያፍርም።

በአሜሪካም ቢሆን ሠራተኛን በትሕትና መጠየቅ የተከለከለ አይደለም፤ በተለይ አሻንጉሊቱ ተሰንቅሮ ከቀረ። እኛን የሚከለክለን ይሉኝታችን ነው። አትክልት ተራ ለአንድ ኪሎ ቲማቲም ግማሽ ሰዓት የተከራከረ ሰው፣ በስተርጅናው ቁልፍ የያዘውን የአሥራ ስድስት ዓመት ሠራተኛ "እባክህ ድቡን ጠጋ አድርግልኝ" ከማለት ሃያ ዶላር መጨመር ይቀለዋል። ሁሉን ታዝባ የቆየችው አክስት ግን ይሉኝታዋን ከኮቷ ጋር ወንበር ላይ ትታ፣ በያዘችው እንግሊዝኛና በሁለት እጇ ነገሩን ለሠራተኛው ታስረዳለች፤ ሠራተኛውም ፈገግ ብሎ በሩን ይከፍትና ድቡን ቀዳዳው አፋፍ ላይ ያስቀምጥላታል። ጥፍሩ አንድ ጊዜ ገፋ ሲያደርገው ድቡ ቀዳዳው ውስጥ ይወድቃል።

አጎት፣ "እኔ አላልቼው ነው" ይላል። ድቡ የተሰጠው ልጅ እቅፍ ሲያደርገው ታናሽ እህቱ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ "የእኔስ?" ትላለች፤ እናትየው ከሱቅ እገዛልሻለሁ ብትላት፣ ከማሽኑ ነው የምፈልገው ብላ ታለቅሳለች። ከዚህ በኋላ የትኛውም ብልሃት ቦታ የለውም፤ አጎት "አይዞሽ የኔ ቆንጆ፣ ያንቺን እኔ አወጣዋለሁ" ብሎ፣ ሚስቱ "ተው እንጂ!" እያለችው፣ ካርዱን ሊያስሞላ ወደ ባንኮኒው ይሄዳል።