የረጋ ማር

ወገኖቼ፣ ባለፈው ታኅሣሥ በአንድ የአዲስ አበባ የእሑድ ገበያ ያደረግነውን ይቅር ልለው አልቻልኩም። ከላስታ ነጭ ማር ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት የባልዲውን ክዳን ሲከፍቱ ማሩ በብርዱ ረግቶ እንደ ቅቤ ጠንክሮ ነበር። አንዲት ሴት በማንኪያ ነካ አድርጋ «አባባ፣ ይሄ እኮ ስኳር ነው» አለቻቸው። አንድ ጎረምሳ ክብሪት ነክሮ ሊለኩስ ሞከረና አልነድ ሲለው «አላልኳችሁም!» ብሎ ጮኸ። አዛውንቱ «ልጆቼ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆዩት፤ ወለላ ሆኖ ይመለሳል» እያሉ ቢለምኑም ሰሚ አላገኙም፤ አጭበርባሪ ተብለው ባልዲያቸውን ተሸክመው ሄዱ።

እኛም ወዲያው ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ዞርን። የንብ ሥዕልና «100% ንጹሕ የተፈጥሮ ማር» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ማሰሮ ነበር፤ የት እንደተቆረጠ፣ መቼ እንደተቆረጠ፣ ደረጃው ስንት እንደሆነ ግን አንድም ቃል አልሰፈረበትም።

ማር የሚረጋው ግሉኮስ የሚባለው የገዛ ራሱ ስኳር በብርድ ስለሚጠጥር ነው፤ መርጋቱ የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በአብዛኛው ማር ውስጥ ውሃው ከ20 በመቶ፣ ሱክሮስ የተባለው ስኳር ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ያዝዛል፤ ይህን ምላስም ክብሪትም አይለየውም። የውሃውን መጠን የሚለካው መሣሪያ በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ሆኖ ሳለ በዚያ ገበያ አንድም አልነበረም። ለውጭ ገዢ የምንልከው ቡና ተቀምሶ ደረጃ ይወጣለታል፤ ለራሳችን ሲሆን የንብ ሥዕል ይበቃናል።

እኔስ? አባቴ ንብ አናቢ ነበሩ። የረጋ ማር የሞላበትን ገንቦ ልጅ ሆኜ ወደ ምድጃው ጠጋ የማደርገው እኔው ነበርኩ። እውነቱን ከዚያ ሕዝብ መካከል ማንም ባያውቀው እኔ አውቀው ነበር፤ ግብረ አበር እባላለሁ ብዬ ፈርቼ ዝም አልኩ። ከዚያም አልፎ ባለ ሥዕሉን ማሰሮ ገዝቼ ገባሁ። እስከ ዛሬ አልረጋም። ሳይረጋ የሚቆይ እውነተኛ ማር እንዳለ አውቃለሁና እሱንም ስኳር ነው ብዬ አልፈርድበትም፤ እኛ አንድ ጊዜ ፈርደናልና።

አሁን የምለምናችሁ ከዋጋው በፊት የተቆረጠበትን ቦታና ወር እንድትጠይቁ ነው። ሻጩ መልስ ባይኖረው እንኳ ጥያቄው ሲደጋገምበት አንድ ቀን ይጽፈው ይሆናል። እኔ በመጪው ታኅሣሥ እዚያው ቦታ ቆሜ አዛውንቱን እጠብቃለሁ፤ መምጣታቸውን ግን እጠራጠራለሁ።