ልጆች ኬብል ሲያነዱ ቆመን ላየን ሰዎች

ወገኖቼ፣ ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የሆነውን ይቅር ለማለት ልቤ እንቢ ብሎኛል። አንድ መሥሪያ ቤት ያረጁ ኮምፒውተሮቹን፣ ባለ ትልቅ ጀርባ ሞኒተሮቹንና መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆዩ፣ የደከሙ የዩፒኤስ ባትሪዎቹን ለዓመታት ከደረጃ ሥር ሲከምር ኖሮ በመጨረሻ ሁሉንም በአንድ ላይ በጨረታ ሸጠ። ገዢው የሚያዋጣውን መርጦ ወሰደና የተረፈውን ወንዙ ዳር ደፋው። ከዚያ ልጆች ደረሱ። አንዱ፣ ዐሥር ዓመት የሞላው የማይመስል፣ የሞኒተሩን ጀርባ በድንጋይ ፈንክቶ የመዳቡን ጥቅል ይነቅላል፤ ሌሎቹ ኬብሉን በፌስታል አቀጣጥለው፣ ጥቁር ጭስ ፊታቸውን እየሸፈነው፣ ላስቲኩ ቀልጦ መዳቡ እስኪገለጥ ድረስ በእንጨት ያገላብጣሉ። ከተሰነጠቁት ባትሪዎች የፈሰሰውን አሲድ ዝናቡ ጠርጎ ወደ ወንዙ ከተተው፤ በዚያው ውኃ ከታች ጎመን የሚያጠጡ አሉ።

እኛስ? አፍንጫችንን ይዘን አለፍን። ስለ ሽታው ያልተማረረ አልነበረም፤ ልጆቹን “ተዉ” ያለ ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

የእንዲህ ያለ ሞኒተር መስታወት እርሳስ ከሚባለው ብረት ከኪሎ በላይ ሊይዝ ይችላል፤ እርሳስ ደግሞ የልጅን አእምሮ የሚጎዳ፣ “ይህን ያህሉ አይጎዳም” የሚባልለት መጠን ያልተገኘለት መርዝ ነው። ልጆቹ ይህን አያውቁም። ጨረታውን የፈረመው ኃላፊ ግን አላውቅም ሊል አይችልም፤ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425 ከወጣ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቆሻሻ ሰው እንደሚገድልም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን የቀበርን ጊዜ የተማርን መስሎኝ ነበር።

እናንተ በየመሥሪያ ቤቱ ንብረት የምታስተዳድሩ፣ የተወገደውን ዕቃ ዝናብ በማይደርስበት፣ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነና በሚቆለፍ ክፍል አኑሩት፤ ባትሪውን ለብቻው፣ ሞኒተሩን ሳይሰበር። ስታስረክቡም ዋጋ ላበዛ ሳይሆን ፈቃድ ላለው ይሁን። እኛም በየቤታችን የሞተውን ስልክና የተቃጠለውን አምፖል ከጓዳ ቆሻሻ ጋር አንቀላቅል። ቆራሌውን ጥፋተኛ አታድርጉት፤ ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ቀድሞ ደጃችን የሚደርሰው እሱ ነው፤ ሳይፈታና ሳይቃጠል ላመጣው ዕቃ ከመዳቡ የተሻለ ዋጋ የሚከፍለው ቢያገኝ እሳት የሚያስነድድ ምክንያት አይኖርም።

ይህን ደጋግሞ መናገር ያደክማል። ሆኖም ሰኔ መጥቶ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ አንድ የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ አባል ከመፈረሙ በፊት “ይህ ዕቃ ከዚህ ወጥቶ የት ነው የሚደርሰው?” ብሎ እንደሚጠይቅ አሁንም ተስፋ አደርጋለሁ።